ተራ አስከባሪ የሌለው ሰልፍ፦ የቤታችን ዋይፋይ ችግር ከየት መጣ?

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እናት ዱባይ ካለችው ልጃቸው ጋር በቪዲዮ እያወሩ ነው። ሳሎን እያሉ ድምፁም ምስሉም ጥሩ ነበር። ወደ መኝታ ቤት ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ የልጅቷ ምስል ስታክ አደረገ፤ አፏን እንደከፈተች ቀጥ ብላ ቀረች። «ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? ሄሎ?» ወንድሟ ሮጦ ሄዶ ሞደሙን ነቀለና መልሶ ሰካው። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሠራ፤ ከዚያ ያው ሆነ። «ይሄ ኔትወርክ ደግሞ!» ተባለና ታለፈ።

ይህ ነገር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። ግን እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። ኔትወርኩ በትክክል ምን ሆኖ ነው? ሳሎን ሲሠራ የነበረው መኝታ ቤት ለምን እምቢ አለ? ሲነቀልና ሲሰካስ ለምን ለጊዜው ተሻለው?

«ኔትወርክ አስቸገረ» የምንለው ነገር አንድ በሽታ አይደለም። የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ነው አንድ የሚመስለን። እያንዳንዳቸው ደግሞ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። አንዱ ከጦርነት ጊዜ ራዳር ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ከሃዋይ ደሴቶች፤ ሌላው የጥቁር ጉድጓድ ፍንዳታ ይፈልጉ ከነበሩ የጠፈር ተመራማሪዎች ጋር። ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የበሽተኛውን ታሪክ እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ እኛም ዛሬ የዋይፋይን ታሪክ እንጠይቃለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪስ ውስጥ የቀለጠው ቸኮሌት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና አሜሪካ የጠላትን አውሮፕላን ከሩቅ ለማየት ራዳር ይጠቀሙ ነበር። የራዳሩ ልብ ማግኔትሮን የሚባል፣ ኃይለኛ የማይክሮዌቭ ሞገድ የሚያመነጭ ዕቃ ነው። ፐርሲ ስፔንሰር ሬይቲዮን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በማግኔትሮን ሥራ የተካኑ መሐንዲስ ነበሩ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንኳ ያልጨረሱ፣ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1945 አንድ ቀን በሥራ ላይ ካለ ማግኔትሮን አጠገብ ቆመው ሳለ ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ቸኮሌት ቀልጦ አገኙት ይባላል። ቀጥለው የፈንዲሻ በቆሎ አስጠግተው ሞከሩ፤ በቆሎው ፈነዳ። በ1947 የመጀመሪያው የማይክሮዌቭ ምድጃ ለገበያ ቀረበ። ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ማንም ወጥ ቤት ውስጥ የሚገባ ዕቃ አልነበረም።

በዚያው ዓመት የዓለም መንግሥታት ተወካዮች አትላንቲክ ሲቲ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ተሰብስበው የሬዲዮ ሞገዶችን ለየአገልግሎቱ አከፋፈሉ። በክፍፍሉ ውስጥ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የተተዉ ባንዶች ነበሩ። እነዚህ መሣሪያዎች ሞገዱን መልእክት ለመላክ ሳይሆን ለማሞቅና ለመሳሰሉት ሥራዎች ነው የሚጠቀሙበት። ከእነዚህ ባንዶች አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው፤ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ማለት ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ይህ ድግግሞሽ የተመረጠው ውሃን በተለየ ሁኔታ ስለሚያሞቅ ነው ይላል። ትክክል አይደለም፤ ውሃ ከዚህ በታችም ከዚህ በላይም ባሉ ድግግሞሾች ይሞቃል።

ታዲያ ይህ ከዋይፋያችን ጋር ምን አገናኘው? አብዛኛው የቤት ዋይፋይም በዚሁ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው የሚሠራው። ምድጃው ውስጥ ያለው ኃይል ከ700 እስከ 1000 ዋት ይደርሳል። የዋይፋይ ማሰራጫ ግን ብዙውን ጊዜ 0.1 ዋት ገደማ ነው የሚልከው። ከምድጃው በር የምታመልጠው በጣም ትንሽ ሞገድ ለጤና የምታሰጋ ባትሆንም ለዋይፋይ ግን ጩኸት ናት። የተለመደው ዓይነት ምድጃ ከመብራቱ ምት ጋር አብሮ በሰከንድ 50 ጊዜ ይበራል፣ 50 ጊዜ ይጠፋል። ለዚህ ነው ወጥ ቤት ምግብ ሲሞቅ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ከመጥፋት ይልቅ የሚንቀራፈፈው፤ በየቀዳዳው እየሾለከ ያልፋል።

ካርታ የማያስፈልገው መሬት

ቆይ፣ ዋይፋይን የሠሩት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር? በደንብ ያውቁ ነበር። ግን ሌላ ቦታ አልነበራቸውም።

የሬዲዮ ሞገድ እንደ ከተማ መሬት ተሸንሽኖ ያለቀ ነገር ነው። ይህ ለሬዲዮ ጣቢያ፣ ያ ለፖሊስ፣ ያኛው ለአውሮፕላን፣ ሌላው ለጦር ሠራዊት ተብሎ ተሰጥቷል። ያለ ፈቃድ ገብቶ ማሰራጨት ያስቀጣል። የምድጃዎቹ ባንድ ግን በረብሻ የተሞላ ስለነበር ማንም እዚያ ቁምነገር ለመሥራት አይመኝም ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ማርከስ የተባሉ መሐንዲስ በአሜሪካ የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ውስጥ ይሠሩ ነበር። ማርከስ አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ፦ ይህን ማንም የማይፈልገውን ባንድ ለሕዝብ ለምን አንከፍተውም? ሰው ፈቃድ ሳያወጣ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠቀምበት። ለዚህ የሚሆን ዘዴ በጦር ሠራዊቶች ዘንድ ይታወቅ ነበር። መልእክቱን በአንድ ጠባብ ድግግሞሽ ላይ ከመጮኽ ይልቅ በሰፊው ባንድ ላይ በስሱ መበተን ወይም ከድግግሞሽ ወደ ድግግሞሽ እየዘለሉ መላክ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ ቦታ ላይ ረብሻ ቢኖር መልእክቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማር እና ሙዚቀኛው ጆርጅ አንቲል በ1942 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት የመዝለል ሐሳብም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ቢገጥመውም ኮሚሽኑ በግንቦት 1985 ፈቀደው። ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ሦስት ባንዶች ተከፈቱ፤ 2.4 ጊጋኸርዝ አንዱ ነበር። ቅድመ ሁኔታው ግን ልብ ይባል። በዚህ መሬት ላይ የሚሠራ መሣሪያ ሌላውን መረበሽ የለበትም፤ ሌላው ቢረብሸው ግን መቻል አለበት። አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ብዙ የዋይፋይ መሣሪያዎች ጀርባ ላይ ይህ ግዴታ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

እንግዲህ ዋይፋይ የተወለደው ባለቤት በሌለው የጋራ ግጦሽ ላይ ነው። የማንም ከብት ይገባበታል። ዛሬ የጎረቤት ራውተር፣ የብሉቱዝ ማዳመጫ፣ ገመድ አልባ ማውስና የማይክሮዌቭ ምድጃ አንድ ላይ የሚጋጡት እዚያ ነው። ከፈቃድ ክፍያ ነፃ በመሆኑ ርካሽ ሆነ፤ ርካሽ በመሆኑ በየቤቱ ገባ፤ በየቤቱ በመግባቱ ተጨናነቀ።

ከሃዋይ የመጣ ወረፋ

በአንድ አየር ላይ ብዙ ሰው ካለ፣ ማን መቼ ይናገር? ይህ ጥያቄ ከዋይፋይ በፊት የተነሣ ነው።

በ1970 አካባቢ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሆኖሉሉ ውስጥ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ግን በተለያዩ ደሴቶች ላይ ተበትነው ነበር። የስልክ መስመሩ ውድና አስቸጋሪ ነበር። ፕሮፌሰር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው ደሴቶቹን በሬዲዮ ለማገናኘት ወሰኑና በ1971 አሎሃኔት የተባለውን ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ።

ደንቡ በጣም ቀላል ነው። የምትልከው ነገር ካለህ ዝም ብለህ ላክ። ከዋናው ጣቢያ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ከመጣ ጥሩ። ካልመጣ ከሌላ ሰው መልእክት ጋር ተጋጭቷል ማለት ነውና ትንሽ ጠብቀህ እንደገና ላክ። የምትጠብቀው ጊዜ ግን በዕጣ ይሁን፤ አለበለዚያ ሁለቱ የተጋጩት እኩል ጠብቀው እንደገና ይጋጫሉ።

ይህን ከታክሲ ሰልፍ ጋር አወዳድሩት። ሰልፉ ላይ ተራ አስከባሪ አለ፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ይናገራል። አሎሃኔት ተራ አስከባሪ አልነበረውም። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ይደርሳል፤ ሁለት ሰው ከተጋጨ ሁለቱም ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ጥቂት ሰው ሲኖር ግሩም ነው። ብዙ ሰው ሲመጣ ግን ጊዜው በግጭት ያልቃል። በስሌት ሲታይ በዚህ መንገድ ከአየሩ አቅም ለሥራ ሊውል የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ሜትካፍ የአብራምሰንን ጽሑፍ አንብበው በ1973 ኢተርኔት ለተባለው የገመድ ኔትወርክ ሐሳቡን አሻሻሉት፦ ከመላክህ በፊት አዳምጥ፤ ሌላ ሰው እየተናገረ ከሆነ ዝም በል። ገመድ ላይ ግጭት ሲፈጠርም ወዲያው ይሰማል። በአየር ላይ ግን ችግር አለ። እየጮኸ ያለ ሰው የሌላውን ሹክሹክታ አይሰማም፤ አንድ ስልክም እየላከ ሳለ ግጭት መኖሩን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ የዋይፋይ ንድፍ ይበልጥ ጨዋ ሆነ። ያዳምጣል፤ አየሩ ጸጥ ሲል ወዲያው አይጀምርም፤ በዕጣ የደረሰውን ያህል ይቆጥራል፤ ከዚያ ይልካል፤ «ደርሶኛል» እስኪባል ይጠብቃል።

ይህ ጨዋነት የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። ፉአድ ቶባጊ እና ሊዮናርድ ክላይንሮክ በ1975 ያሳዩት ነው። ራውተሩ ሳሎን መሀል ነው። አንዱ ስልክ በወዲያኛው መኝታ ቤት፣ ሌላው በወዲህኛው ነው። ሁለቱም ራውተሩን ይሰሙታል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይሰማሙም። ሁለቱም «ጸጥ ብሏል» ብለው በአንዴ ይናገራሉ፤ ራውተሩ ጆሮ ላይ ይጋጫሉ። ሁለቱም ስልኮች ጥሩ ምልክት እያሳዩ ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በኋላ ኤን.ሲ.አር. የተባለው የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን አምራች ማሽኖቹን ያለ ገመድ ለማገናኘት ፈለገ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የኩባንያው መሐንዲስ ቪክ ሄይስ ከ1990 ጀምሮ የዓለም አቀፉን የደረጃ ኮሚቴ መሩ። የመጀመሪያው ደረጃ በ1997 ወጣ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋቢት ነበር። «ዋይፋይ» የሚለው ስም የመጣው በ1999 ነው፤ ለገበያ ተብሎ የወጣ ስም እንጂ የምንም ነገር ምህጻረ ቃል አይደለም።

የገደል ማሚቶ

አሁን ወደ እናትየው መኝታ ቤት እንመለስ። ገደል አጠገብ ቆማችሁ ብትጣሩ ድምፃችሁ ተመልሶ ይመጣል። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። ከኮንክሪት ግድግዳ፣ ከብረት ቁም ሣጥን፣ ከመስታወት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ እየነጠረ ይመለሳል። ስለዚህ ስልካችሁ ከራውተሩ አንድ መልእክት አይደለም የሚሰማው፤ ያንኑ መልእክት በተለያየ መንገድ ዞረው፣ በትንሹ ዘግይተው ከሚደርሱ ማሚቶዎች ጋር ነው። 3 ሜትር ተጨማሪ መንገድ የሄደ ሞገድ በ10 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ይዘገያል። ትንሽ ይመስላል፤ በፍጥነት በሚላክ መልእክት ላይ ግን አንዱ ፊደል በሌላው ላይ እንዲደረብ ያደርጋል።

ማሚቶዎቹ አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፤ ሌላ ቦታ ይጠፋፋሉ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት ስልኩን አንድ ስንዝር ፈቀቅ ስታደርጉት ኔትወርኩ በድንገት ሊመጣ ወይም ሊሄድ ይችላል። «እዚች ጋ ብቻ ነው የሚሠራው» የሚባለው ነገር ቀልድ አይደለም።

በአውስትራሊያ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. ውስጥ ጆን ኦሳሊቫን የተባሉ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሊቅ ነበሩ። በ1974 ስቲቨን ሆኪንግ ትንንሽ ጥቁር ጉድጓዶች ሊፈነዱ እንደሚችሉ ተንብየው ስለነበር ኦሳሊቫን የፍንዳታውን የሬዲዮ ምልክት ፈልገው ነበር። አላገኙትም። ነገር ግን ደካማና የተበላሸ ምልክትን በሒሳብ እየፈቱ ማጥራትን ተማሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እርሳቸውና አራት ባልደረቦቻቸው ይህን እውቀት ወደ ቤት ውስጥ ማሚቶ አዞሩት።

መፍትሔው እንዲህ ነው። አንድ ሰው በጣም ፈጥኖ ቢያወራ በገደል አጠገብ ቃሉ ይደባለቃል። በምትኩ ብዙ ሰዎች በተለያየ ቅላጼ፣ እያንዳንዳቸው ቀስ ብለው፣ በአንድ ጊዜ ቢናገሩስ? የእያንዳንዱ ማሚቶ ቀጣዩ ቃል ከመምጣቱ በፊት ይሞታል፤ በድምሩ ግን ብዙ ነገር ይነገራል። ቡድኑ በ1996 የአሜሪካን የፈጠራ መብት አገኘ። መልእክትን በብዙ ድግግሞሾች ከፋፍሎ የመላክ ሐሳብ ከዚያ በፊትም ይታወቅ ስለነበር በመብቱ ላይ ከባድ የፍርድ ቤት ክርክር ተነሣ። በ2009 አሥራ አራት ኩባንያዎች ከድርጅቱ ጋር ተስማሙ፤ ድርጅቱ በጠቅላላው ከ400 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አገኘ።

ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያለው ዋይፋይ ማሚቶን የሚቋቋመው በዚህ ዘዴ ነው። ይሁንና ዘዴው በመሀል የቆመን ብረት ወይም ውፍረት ያለው ኮንክሪት አያስወግድም። ውሃም ሞገድ ይውጣል፤ የሰው አካል ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው።

ቀርፋፋው ደንበኛና ያበጠው ወረፋ

እስካሁን ያየናቸው በሽታዎች በአየር ላይ ያሉ ናቸው። ሁለት ግን የተደበቁ አሉ፤ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ የሚያሙ።

የመጀመሪያውን በ2003 ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ያሉ ተመራማሪዎች ገለጹት። ዋይፋይ ለሁሉም እኩል ተራ ይሰጣል፤ እኩል ጊዜ ግን አይሰጥም። ምልክት በደንብ የማይደርሰው መሣሪያ ስሕተት እንዳይበዛበት ቀስ ብሎ ይናገራል። እስቲ እናስላው። አንድ ፓኬት 12 ሺህ ቢት ቢሆን፣ በሰከንድ 11 ሜጋቢት የሚልከው ላፕቶፕ በ1.1 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልከው ሩቅ ያለ ስልክ ግን 12 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለቱ ተራ በተራ ቢልኩ አንድ ዙር 13.1 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ላፕቶፕም ፍጥነቱ ከ1 ሜጋቢት በታች ይወርዳል! ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ አንዱ ደንበኛ ሳንቲም እየቆጠረ ቢቆም ሌላው የቱንም ያህል ቢፈጥን መጠበቁ አይቀርም። ግቢው ጥግ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ስልክ ቤቱን በሙሉ ሊያንቀራፍፍ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ያገኙት ጂም ጌቲስ ናቸው። በ2010 ቤል ላብስ ውስጥ የሚሠሩት እኚህ አሜሪካዊ ኢንጂነር ከቤታቸው ትልቅ ፋይል ወደ ቢሯቸው ሲልኩ የቤታቸው ኢንተርኔት ይታመም ነበር። መዘግየቱን ሲለኩት በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመላለስ የነበረው መልእክት ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስድ ጀመር። የዕውቀት ችግር ያለባቸው ሰው አይደሉም፤ ግን ምክንያቱ ለማንም ግልጽ አልነበረም።

ምክንያቱ ደግነት የሚመስል ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የማስታወሻ ቺፕ ርካሽ ሲሆን አምራቾች በየሞደሙና በየራውተሩ ትልልቅ ማቆያ አስገቡ፤ ፓኬት እንዳይጠፋ። ኢንተርኔት ግን ፍጥነቱን የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋ ነው፤ መጥፋቱ «መንገዱ ሞልቷል» የሚል ምልክት ነው። ምንም ካልጠፋ ላኪው መላኩን ይቀጥላል፤ ወረፋው ያብጣል፤ የእናትየው የቪዲዮ ድምፅም ከትልቁ ፋይል ኋላ ተሰልፎ ይቆማል። በ2012 ካትሊን ኒኮልስ እና ቫን ጃኮብሰን ወረፋው ላይ ፓኬት ስንት ጊዜ እንደቆየ እየለካ፣ ከልክ ሲያልፍ ሆን ብሎ የሚጥል ዘዴ አወጡ። ዛሬ በብዙ ራውተሮች ውስጥ ይህ ወይም ዘመዱ አለ፤ በብዙዎች ውስጥ ደግሞ የለም።

ሞደሙን ነቅሎ መሰካት ለምን ለጊዜው እንደሚሠራ አሁን አንዱን ምክንያት ታያላችሁ። ያበጠው ወረፋ ይፈስሳል፤ መሣሪያዎቹም እንደ አዲስ ይገናኛሉ። በሽታው ግን እዚያው ነው። እንዲያውም ማስረጃውን አጥፍተነዋል።

17 ዓመት የፈጀ ፍለጋ

ምክንያት እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስተምር አንድ ታሪክ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ፓርክስ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሳህኑ 64 ሜትር ስፋት አለው። ከ1998 ጀምሮ አልፎ አልፎ አጭርና እንግዳ ምልክት ይይዝ ነበር። ከሩቅ ጠፈር የሚመጡ እውነተኛ አጭር የሬዲዮ ፍንዳታዎችን ስለሚመስል ነገሩ አሳሳቢ ነበር፦ እውነተኞቹም ራሳቸው የምድር ረብሻ ቢሆኑስ?

ኤሚሊ ፔትሮፍ የተባለች የዶክትሬት ተማሪና ባልደረቦቿ በ2015 ጉዳዩን ያዙት። መጀመሪያ ሰዓቱን ተመለከቱ። ምልክቶቹ የሚመጡት በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት፣ በተለይ በምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። ጠፈር የምሳ ሰዓት የለውም! ቀጥሎ ቦታው ላይ የረብሻ መቆጣጠሪያ ስለተተከለ በዚያው ቅጽበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሌላ ምልክት መኖሩን አዩ። ጥርጣሬው ወደ ግቢው ማይክሮዌቭ ምድጃዎች ዞረ። ምድጃዎቹን አብርተው ሞከሩ፤ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለወጡ፦ ምድጃው ሳይጨርስ በሩን መክፈት። ምልክቱ መጣ። አንድ የራበው ሰው ደወሉን ሳይጠብቅ በሩን በከፈተ ቁጥር ማግኔትሮኑ ሲጠፋ የሚያመልጠው ሞገድ ነበር ቴሌስኮፑን የሚያሳስተው። እውነተኞቹ የጠፈር ፍንዳታዎችም ከጥርጣሬ ነፃ ወጡ።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። መቼ እንደሚከሰት መዘገቡ፤ ለኩ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለወጡ።

እኛስ ቤት?

ያንኑ ዘዴ ሳሎናችን ውስጥ እንሞክረው። ብዙዎቻችን ሞደም በምንለው ሣጥን ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ከውጭ የሚመጣው መስመርና ወደ ቤት የሚያሰራጨው ዋይፋይ። የመጀመሪያው ጥያቄ የታመመው የቱ ነው የሚል ነው። ላፕቶፕ በገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ገመድ ከሌለ ሌላውን መሣሪያ ሁሉ አጥፍታችሁ ከሣጥኑ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ሞክሩ። እዚያም ከተቆራረጠ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከሣጥኑ ነው፤ ሣጥኑን ከጥግ ጥግ ማዞር አይፈይድም። እዚያ ሠርቶ መኝታ ቤት ካልሠራ ጉዳዩ የአየሩ ነው።

ቀጥሎ ለሦስት ቀን ሰዓቱን መዝግቡ። ማታ ሁሉም ሰው ቤት ሲገባ ብቻ ከሆነ መጨናነቅ ነው። ምግብ ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ምድጃው ነው። አንድ ሰው ቪዲዮ ሲጭን ብቻ ከሆነ የጌቲስ ያበጠ ወረፋ ነው። ሁልጊዜም አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ግድግዳውንና ብረቱን ተመልከቱ።

ከዚያ አንድ በአንድ ለውጡ። ሣጥኑን ከቴሌቪዥኑ ጀርባና ከወለሉ አንሥታችሁ ከፍ ያለ፣ ለቤቱ መሀል የቀረበ ቦታ ላይ አድርጉት፤ አንድ ቀን ቆዩና አስተያዩ። መሣሪያችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው በቅርብ ላሉት እሱን ተጠቀሙ። ሰፊ ነው፤ ምድጃም አይደርስበትም፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ከ2.4 ይደክማል። በ2.4 ላይ ቻናሎቹ ስለሚደራረቡ በብዙ አገር እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ምልክት ማራዘሚያ ከገዛችሁ ኔትወርኩ በሞተበት ክፍል አታስቀምጡት፤ እሱም የማይሰማውን መድገም አይችልም። መሀል መንገድ ላይ ይሁን። ርካሾቹ ደግሞ በዚያው ቻናል ላይ እያንዳንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ስለሚያስኬዱት የአየሩን ጊዜ እጥፍ እንደሚወስዱ አስቡ።

ከ2019 ጀምሮ የመጣው ዋይፋይ 6 ራውተሩ ለመሣሪያዎቹ ጊዜና ድግግሞሽ እንዲመድብ አስችሎታል። ሃዋይ ላይ ያልነበረው ተራ አስከባሪ በከፊል መጣ ማለት ነው። ግን ይህ ተራ አስከባሪ የሚያዘው በራሱ ቤት ብቻ ነው። የጎረቤት ራውተር አይታዘዘውም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልካችሁን ከፍታችሁ የዋይፋይ ዝርዝሩን ብታዩ አሥርና ከዚያ በላይ ስም ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ ሁሉ ቤት ሦስት ቻናል ነው የሚካፈለው። እያንዳንዱ ማሰራጫውን ወደ መጨረሻው ኃይል ቢያወጣ ሁሉም ይጮኻል፤ ማንም አይሰማም። ስለዚህ በእንደዚህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ነገር አዲስ ዕቃ መግዛት ላይሆን ይችላል። ፎቅ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች አንኳኩቶ «እናንተ 1 ላይ ሁኑ፣ እኛ 6፣ እነሱ 11» መባባል ሊሆን ይችላል። የጋራ ግጦሹን በ1985 የከፈቱት ሰዎች ደንቡን እንጂ ዳኛውን አልተዉልንም።

ያ ወንድም የሞደሙን ሶኬት ከመንቀሉ በፊት ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ይጻፍ። ከምሽቱ 2፦10፣ መኝታ ቤት፣ ታላቅ ወንድም ሳሎን ውስጥ ቪዲዮ እየጫነ። ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።